«ቪዛው የጉብኝት ነው፣ ሥራው እዚያ ይገኛል»፦ ይህ አባባል ምን ያህል እያስከፈለን ነው?

በወሎ፣ በጅማ፣ በአርሲና በስልጤ መንደሮች ከቤት ቤት የሚዞር አንድ አባባል አለ። ደላላው ቤት ይገባል፣ ቡናው እስኪፈላ ቁጭ ይላል፣ ከዚያም ለእናትየዋ እንዲህ ይላቸዋል፦ «እናቴ፣ አይዞዎት። ቪዛው የጉብኝት ነው፣ ሥራው እዚያ ይገኛል። ኮንትራቱን ስትደርስ ትፈርማለች።» እናትየዋ ዱዓ ያደርጋሉ። አባትየው በሬውን ይሸጣሉ ወይም ከዘመድ ይበደራሉ። ልጅቱ በሕይወቷ ጎብኝታው በማታውቀው አገር «ጎብኚ» ተብላ አውሮፕላን ትሳፈራለች።

ይህን የምንጽፈው ከሩቅ ሆነን አይደለም። መምህር በነበርንበት ዘመን የክፍላችንን ስም ዝርዝር ስንጠራ «ዓረብ አገር ሄዳለች» የሚል መልስ መስማት የተለመደ ነበር። ከእነዚያ ተማሪዎቻችን አንዷን ከዓመታት በኋላ ከስደት ተመልሳ አገኘናት። ስለ ሥራዋ ስንጠይቃት ከሠራቻቸው ወራት የብዙዎቹን ደመወዝ እንዳልተቀበለች ነገረችን። ለምን እንዳልከሰሰች ጠየቅናት። «በምን ልክሰስ ቲቸር? በወረቀት ላይ እኮ እኔ ጎብኚ ነኝ» አለችን።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ በዚህች መልስ ውስጥ አለ። ቪዛ በር ማስከፈቻ ብቻ አይደለም። በሩን ካለፍን በኋላ ማን እንደሆንን፣ ምን መብት እንዳለንና ማን ሊቆምልን እንደሚችል የሚወስን ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ የተጻፈውና እኛ የምንሄድበት ጉዳይ ሲለያዩ ዋጋውን የሚከፍለው ደላላው ወይም ቀጣሪው ሳይሆን ተጓዡ ነው። ቀጥሎም እኛ ሁላችን እንከፍላለን።

መንገዱ ለምን ተመረጠ?

ሰዉ ይህን መንገድ የመረጠው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ መንግሥት ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን ጉዞ አገደ። በተመሳሳይ ወራት ሳዑዲ ዓረቢያ ሕጋዊ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ሠራተኞች ማስወጣት ጀመረች፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ወደ አገር ተመለሱ። እገዳው የተጣለው ዜጎችን ለመጠበቅ ነበር። ነገር ግን ድህነቱ አልታገደም፣ የዓረብ ቤቶችም ሠራተኛ መፈለጋቸውን አላቆሙም። ሕጋዊው በር ሲዘጋ ሰዉ በየመን ባሕር፣ በሱዳን በረሃና በጉብኝት ቪዛ መሄዱን ቀጠለ። እገዳው እስከተነሳበት እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ በነበሩት ዓመታት ደላላው ሥራውን አደራጀ፣ ሰዉም መንገዱን ለመደ።

በእነዚህ ዓመታት መካከል የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጣ። አዋጁ ብዙ ሰው የማያውቃቸው ጥሩ ድንጋጌዎች አሉት። አዋጁ ሲወጣ ሠራተኛ የሚላከው ኢትዮጵያ የሁለትዮሽ ስምምነት ወዳላት አገር እንዲሆን ደነገገ። ከሳዑዲ ዓረቢያ፣ ከዮርዳኖስና ከኳታር ጋር የተደረጉት ለዚህ ምሳሌ ናቸው። የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን እንዲሁም የመድን ዋስትናውን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ኤጀንሲው በሠራተኛው ላይ ጉዳት ቢደርስ መጠየቂያ የሚሆን የዋስትና ገንዘብ በባንክ ያስቀምጣል። ኮንትራቱም ከጉዞው በፊት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ይጸድቃል።

አሁን ይህን ከደላላው መንገድ ጋር እናነጻጽር። በሕጉ መሠረት ቪዛና ትኬት የአሠሪው ዕዳ ነው። በደላላው መንገድ ግን በሬው የተሸጠው ለዚሁ ቪዛና ትኬት ነው። ቤተሰቡ ሌላ ሰው ሊከፍልለት የሚገባውን ወጪ ከኪሱ ከፍሎ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ጥበቃውን ጥሎ ይሄዳል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን አለብን። ሕጋዊው መንገድ ብዙ ጊዜ ረጅም ነው። ፓስፖርት፣ ሥልጠና፣ የብቃት ምዘና፣ የጤና ምርመራ፣ ምዝገባ እያለ ይቀጥላል። ከገጠር ቀበሌ ተነስቶ ከተማ የሚመላለስ ቤተሰብ ለእያንዳንዱ ቀን የትራንስፖርትና የማደሪያ ወጪ አለበት። ደላላው የሚሸጠው ቪዛ ብቻ አይደለም፤ ፍጥነትንም ይሸጣል። ስለዚህ «ሕጋዊውን መንገድ ተጠቀሙ» የሚለው ምክር መንገዱን አጭርና ርካሽ ከማድረግ ሥራ ጋር ካልተጣመረ ምክር ሆኖ ይቀራል።

ከድንበሩ ማዶ

የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስን እንውሰድ፤ በጉብኝት ቪዛ በብዛት የሚኬደው ወደዚያ ነውና። ቪዛው ብዙውን ጊዜ ለ30 ወይም ለ60 ቀን የሚሰጥ ነው፤ በእሱ መሥራት አይፈቀድም። ጊዜው ካለፈ በየቀኑ 50 ድርሃም ቅጣት ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2024 በተሻሻለው የሥራ ሕግ ያለ ሥራ ፈቃድ ሰው የሚቀጥር አሠሪ ከ100 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ድርሃም ይቀጣል።

ደላላው እዚህ ላይ የሚያነሳው ግማሽ እውነት አለ። በኤምሬትስ የጉብኝት ቪዛን ወደ ሥራ ፈቃድ መቀየር የሚቻልበት ሥርዓት አለ፣ በዚህ መንገድ የተሳካላቸው ሰዎችም አሉ። ደላላው የሚዘለው ሌላው ግማሽ ግን ቪዛውን የሚቀይረው ቀጣሪው መሆኑን ነው። ቀጣሪው ከፈለገ ይቀይራል፤ ካልፈለገ «ሳምንት ጠብቂ፣ ወር ጠብቂ» እያለ ያሠራታል። ቀኑ ሲያልፍ ቅጣቱ የሚቆጠረው በእሷ ስም ነው። ቅጣቱ በጨመረ ቁጥር ከቤቱ ለመውጣት ትፈራለች። ስትፈራ ደመወዟን አትጠይቅም። የዚያ አገር የቤት ሠራተኞች ሕግ በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት፣ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን፣ በዓመት 30 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ይህን መብት ለማስከበር ግን አቤቱታ የምታቀርበው ሠራተኛ በቅድሚያ የምታስቆጥረው ያለፈቃድ መሥራቷንና የመኖሪያ ጊዜዋ ማለፉን ይሆናል።

ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 2024 የቆየ የምሕረት ጊዜ ሰጥታ ነበር። ፈቃዳቸው ያለፈባቸው ሰዎች ያለ ቅጣት እንዲወጡ ወይም ሁኔታቸውን እንዲያስተካክሉ ተፈቀደ። ለብዙ ወገኖቻችን እፎይታ ነበር፣ አል-ሐምዱሊላህ። ግን የሚሰጥበትን ቀን የማናውቀውን ምሕረት የጉዞ እቅድ ማድረግ አይቻልም።

በአገር ቤት በኩልም ችግር አለ። በጉብኝት ቪዛ የወጣች እህት ኮንትራቷ በየትኛውም መዝገብ ውስጥ የለም። ደመወዟ ቢቀር፣ ብትታመም ወይም ብትሞት ኤምባሲው ቀጣሪዋን ፈልጎ ለማግኘት ከባዶ ይጀምራል። ዋስትና ያስያዘ ኤጀንሲ የለም፣ የመድን ውል የለም። አስከሬን ወደ አገር ለመመለስ በየመስጂዱ ደጃፍ ገንዘብ የሚሰበሰበው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ኢባዳውም ሲነካ

ነገሩ በሥራ ፍለጋ ብቻ ቢቆም ኖሮ አንድ ነገር ነበር። ይኸው አስተሳሰብ ወደ ሐጅም ገብቷል። በሂጅራ 1445 (እ.ኤ.አ. 2024) ሐጅ ወቅት በመካ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ አለፈ። የሳዑዲ ባለሥልጣናት 1,301 ሰዎች መሞታቸውንና ከእነዚህም 83 በመቶ ያህሉ የሐጅ ፈቃድ ያልነበራቸው መሆናቸውን አስታወቁ። ፈቃድ የሌለው ሰው በካምፕ ውስጥ ድንኳን የለውም፣ በአውቶቡስ ቦታ የለውም፣ በጠራራ ፀሐይ በእግሩ ይሄዳል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ግብጻውያን ነበሩ። የግብጽ መንግሥትም የ16 የጉዞ ድርጅቶችን ፈቃድ ሰረዘ። እነዚህ ድርጅቶች ሐጃጆችን የላኩት ወደ መካ ለመግባት በማያስችል የግል ጉብኝት ቪዛ ነበር። አላህ ለሟቾቹ ይዘንላቸው።

በሚቀጥለው ዓመት ሳዑዲ ቅጣቱን አጠበቀች። በ1446 ሐጅ በጉብኝት ቪዛ ሐጅ የሞከረ ሰው እስከ 20 ሺህ ሪያል፣ ለእንዲህ ያለ ሰው የጉብኝት ቪዛ ያወጣለት ደግሞ እስከ 100 ሺህ ሪያል እንደሚቀጣ ተነገረ። የሳዑዲ የታላላቅ ዑለማዎች ምክር ቤትም ያለ ፈቃድ ሐጅ ማድረግ እንደማይፈቀድና ያደረገውም ወንጀለኛ እንደሚሆን አስቀድሞ በ2024 አሳውቆ ነበር። ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል፦ ከሐጅ ወቅት ውጭ በጉብኝት ቪዛ ዑምራ ማድረግ ይቻላል፤ ሐጅ ግን በሐጅ ቪዛ ብቻ ነው። በአገራችን የሐጅ ጉዞ የሚካሄደው በእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በኩል ነው። «በጉብኝት ቪዛ በርካሽ እናስኬዳችኋለን» የሚል ሰው ሲመጣ አባትና እናቶቻችንን ምን ላይ እንደሚጥላቸው እንወቅ። ሐጅ ግዴታ የሆነው በቻለ ሰው ላይ ነው። ያልቻለ ሰው ወንጀል የለበትም፤ ኒያው ብቻውን አላህ ዘንድ ዋጋ አለው።

የእኛ ዕዳ በሌሎች ትከሻ

ሦስተኛው ዋጋ የሚከፈለው በአውሮፓና በአሜሪካ ኤምባሲዎች በር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 29 ቀን 2024 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን የሸንገን ቪዛ አመልካቾች ላይ ገደብ ጣለ። ውሳኔ የሚሰጥበት ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዘመ። ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ቀረ። ከአመልካች ከሚጠየቁት ሰነዶች አንዳንዶቹን መተው ይቻል የነበረውም ተከለከለ። ኅብረቱ የሰጠው ምክንያት ያለ ፈቃድ የቀሩ ኢትዮጵያውያንን በመመለስ ረገድ መንግሥታችን በቂ ትብብር አላደረገም የሚል ነው። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ለአብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ጊዜያዊ ተጓዦች የምትሰጠውን ቪዛ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባና ለሦስት ወር የሚያገለግል አድርጋለች።

የኃያላኑ ውሳኔ ፍትሐዊ ነው እያልን አይደለም። ሁለት መንግሥታት ባልተስማሙበት ጉዳይ አንድ ነጋዴ ወይም የታመመ ልጇን ማየት የምትፈልግ እናት መቀጣቷ ትክክል አይመስለንም። ነገር ግን ከውሳኔው ጀርባ ያለውን አካሄድ መረዳት አለብን። የቆንስላ ሠራተኛ የአመልካቹን ልብ ማየት አይችልም። ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ወረቀት ይዘው የመጡ ሰዎች ምን እንዳደረጉ ያያል። የአሜሪካ ሕግ ጊዜያዊ ቪዛ የሚጠይቅ ሰው በአብዛኛው ተቃራኒውን እስካላሳየ ድረስ ለመቅረት እንደሚሄድ አድርጎ ይገምታል። የሸንገን አገሮችም ሲከለክሉ «ከቪዛው ማብቂያ በፊት ስለመመለስዎ ጥርጣሬ አለን» የሚለውን ምክንያት ዘወትር ይጠቅሳሉ። በሐሰት የንግድ ፈቃድ የሄደ ሰው ሲቀር የሚቀጥለው እውነተኛ የመርካቶ ነጋዴ ለኢንተርቪው ሲቀርብ የእሱን ጥርጣሬ ተሸክሞ ይቀርባል።

አማን የሚባለው ነገር

ወደ ዲናችን ስንመለስ ነገሩ አዲስ አይደለም። የፊቅህ ዑለማዎች «አማን» የሚሉት ጽንሰ ሐሳብ አለ። አንድ ሰው ወደ ሌላ ሕዝብ ምድር ሲገባ የሚሰጠው የደኅንነት ቃል ነው። የዛሬ ዘመን ብዙ ሊቃውንት ቪዛን ከዚሁ ጋር ያገናኙታል። ኢብን ቁዳማ «አል-ሙግኒ» በተሰኘው ሥራቸው በአማን ወደ ሌሎች ምድር የገባ ሙስሊም ቃሉን ማጉደል እንደማይፈቀድለት አስፍረዋል፤ ያውም ያ ምድር የጠላት ምድር ቢሆን እንኳ። ሱረቱል ማኢዳ የሚከፈተው ምእመናን ውሎቻቸውን እንዲሞሉ በማዘዝ ነው። ትእዛዙ ውሉ ከሙስሊም ጋር ከሆነ ብቻ አላለም።

እኛ የሐበሻ ሙስሊሞች ደግሞ አማን ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ማወቅ ይገባን ነበር። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሶሓቦች ባሕር ተሻግረው ወደዚህች ምድር ሲመጡ ነጃሺ አማን ሰጣቸው። ጃዕፈር (ረ.ዐ) በንጉሡ ፊት ቆሞ ለምን እንደመጡ ሲጠየቅ የተናገረው እውነቱን ነው። የመጡበትን ምክንያት አልደበቀም፣ ሌላ ስም አልሰጠውም። ጥበቃ ያገኙትም ያንን እውነት ከሰማ ንጉሥ ነው።

«ችግር አስገድዶን ነው» የሚል መልስ እንደሚኖር እናውቃለን። ድህነትን ቀላል አድርገን አናይም። ዳሩራ በሸሪዓችን ቦታ አለው፣ በመጠኑ። ግን ዳሩራ ወንጀሉን ያነሳል ቢባል እንኳ ኮንትራት አይሰጥም፣ ያልተከፈለ ደመወዝ አያስከፍልም፣ የተዘጋ በር አይከፍትም። የእኛ ጥያቄ የችግረኛዋን ወንጀል ለመቁጠር አይደለም። ትልቁ ወንጀል ቃል እየሸጠ በሚበላው ደላላና አሠርቶ ደመወዝ በሚከለክለው ከፊል ላይ ነው። ሠራተኛን አሠርቶ ዋጋውን የማይሰጥን ሰው አላህ ራሱ በቂያማ ቀን ባላጋራው እንደሚሆን በሐዲስ ተነግሯል።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ደላላው ቤት ሲመጣ ቤተሰብ ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ። ቪዛው ላይ የተጻፈው የጉዞ ዓላማ ምንድን ነው? ኮንትራቱ ከጉዞው በፊት በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በኩል ጸድቋል ወይ? ቪዛና ትኬቱን የሚከፍለው ማን ነው? የመጀመሪያው መልስ «ጉብኝት»፣ ሁለተኛው «ስትደርስ»፣ ሦስተኛው «እናንተ» ከሆነ በሬው ከበረት አይውጣ።

ሁለተኛ፣ በእውነት ለጉብኝት፣ ለቤተሰብ ጥየቃ ወይም ለንግድ የሚሄድ ሰው እውነቱን በሰነድ ያሳይ። የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስ፣ ከጋባዡ ድርጅት የመጣ ደብዳቤ፣ የሥራ ቦታ ማስረጃ፣ የሸንገን ከሆነ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ያስፈልገዋል። ባንክ ስቴትመንት ሲባል ለማመልከቻው ሳምንት ከጓደኛ ተበድሮ የሚገባ ገንዘብ ማለት አይደለም። መርማሪው የሚያየው የወራት እንቅስቃሴን ነው፤ ድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ ከመጥቀም ይልቅ ጥያቄ ያስነሳል። በሐሰተኛ ሰነድ መያዝ ደግሞ ለአንድ ጊዜ ከመከልከል የከፋ ነው፤ ለዓመታት በር ሊዘጋ ይችላል። ያለ ሐሰት የተከለከለ ሰው ግን የክልከላውን ምክንያት አንብቦ፣ የጎደለውን አሟልቶ እንደገና ማመልከት ይችላል። በሸንገን አገሮች ይግባኝ የማለት መብትም አለው።

ሦስተኛ፣ ኢማሞቻችንና ዳዒዎቻችን ይህን ጉዳይ ወደ ሚንበር ያምጡት። ስለ ስደት የሚደረገው ኹጥባ አብዛኛውን ጊዜ ሰው በባሕር ሲያልቅ የሚደረግ ነው። ከጉዞው በፊት፣ ልጆቹ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሰው ሳሉ ቢነገር ይሻላል። ከጁሙዓ በኋላ ኮንትራት ማንበብ የሚችል አንድ የተማረ ወጣት ለአንድ ሰዓት መስጂድ ግቢ ውስጥ ቢቀመጥ ብዙ ቤተሰብ ይጠቀማል። ይህ በጀት የሚጠይቅ ሥራ አይደለም።

አራተኛ፣ መንግሥት ሕጋዊውን መንገድ ከደላላው መንገድ እኩል ፈጣን ማድረግ አለበት። ሥልጠናውና ምዝገባው ወደ ወረዳ ካልወረደ፣ ፓስፖርት ለማግኘት ተጨማሪ ገንዘብ የሚጠየቅበት ሁኔታ ካልተስተካከለ፣ ደላላውን ማሰር ብቻውን ለሌላ ደላላ ቦታ መልቀቅ ነው። በ2006ቱ እገዳ ያየነው ይህንኑ ነው።

ተማሪያችን የነገረችንን ዛሬም አንረሳውም። «በወረቀት ላይ እኮ እኔ ጎብኚ ነኝ» ያለችው ለዓመታት ማለዳ ተነስታ የሰው ቤት ስታጸዳ የኖረች ልጅ ናት። የሠራችውን ሥራ የሚመሰክር አንድ ወረቀት አልነበራትም። ከእሷ ቀጥሎ የምትሄደዋ እህታችን ቢያንስ በእጇ በያዘችው ወረቀት ላይ ሠራተኛ ተብላ እንድትጻፍ ማድረግ የሁላችንም አማና ነው።

አላህ (ሱ.ወ) በስደት ያሉትን ወገኖቻችንን ይጠብቅልን፣ ሪዝቃችንን በአገራችን ሐላልና ሰፊ ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።